ሃያ ሁለት እርምጃ

«ማንጎ አልቋል፣ እህቴ። ሐሙስ ደውል።»

ሕሊና ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ ቁጥሩን ደግማ አየች። አልተሳሳተችም። የአባቷ ቁጥር ነው፤ ከቀለም ትምህርቷ ብዙው ሲጠፋባት እሱ ብቻ ያልጠፋባት ቁጥር።

«ማንጎ አልፈለግኩም» አለች። «አቶ ታፈረን ነበር።»

«ታፈረ?» ሰውየው ጥቂት አሰበ። ከኋላው የመኪና ጥሩምባና የሴቶች ጫጫታ ይሰማል። «ታፈረ የሚባል ደንበኛ አላስታውስም። ከኔ ወስዶ ነው? የተበላሸ ካለ እቀይራለሁ፣ ወላሂ። የትናንቱን ጭነት ፀሐይ መትቶታል። ንገረው፣ ይምጣ።»

«መምጣት አይችልም።»

«አሞታል?»

«ሞቷል» አለች ሕሊና። «አባቴ ነው።»

 ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከማንጎው ነው?» ሲል ጠየቀ።

 «አይደለም፣ ጌታዬ። ከሞተ ዓመት አልፎታል። ቁጥሩ የሱ ስለነበረ ነው» አለችው። ሰውየውም ትንፋሹን ለቀቀና ሴቱን በወንድ በሚጠራ አማርኛው ሲም ካርዱን ከገዛ ገና ሦስት ሳምንቱ እንደሆነ፣ ስሙ ዐወድ እንደሚባል፣ ባምባሲ መንገድ ዳር ማንጎ እንደሚያከፋፍል ነገራት። ሕሊና መጠየቅ የነበረባት ነገር አንደበቷ ላይ ደርሶ ሳለ ይሉኝታ ያዛትና «ይቅርታ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብላ ዘጋች። ሁልጊዜም እንዲህ ነች። ሰው ሥራ ላይ ከሆነ ታፍራለች።

አሶሳ፣ ቢሮዋ ውስጥ፣ ከኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ነበር። ስልኳ ላይ የቴሌግራም ስሞች ተደርድረዋል። ከመካከላቸው «አባዬ» በሚለው ስም ሥር ባርኔጣ ያደረገው ሽማግሌ ፎቶ ላይ አረንጓዴ ነጥብ በርቷል። አባዬ ኦንላይን ነው።

ያን ቀን ጠዋት እናቷ የሺሀረግ ከፓዌ ደውለው ነበር። ከሰላምታው አስቀድመው ወደ ነገሩ ገቡ።

«ቦይ ሊወጣ ነው አሉ፣ በድሮው መቃብር ላይ። የመስኖ ቦይ። አፅም ያለው ሰው እስከ ግንቦት መጨረሻ ያንሣ ተብሏል። ሰዉ ሁሉ የታፈረ መዝገብ የት አለ እያለ ደጄን ሞላው። አንቺ ዘንድ ነው ብያለሁ። አንቺ ዘንድ ነው አይደል?»

«አዎ፣ እማዬ» ብላ ነበር ሕሊና። 

መዝገቡ እንዲህ ነው። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ከወሎ ተጭነው ፓዌ የወረዱት ሰዎች የመጀመሪያውን ክረምት ከወባ ጋር ነው ያሳለፉት። በአንድ ቀን ሁለትም ሦስትም ሰው ይሞታል። ቄስ የለም፣ ድንጋይ የለም፣ ቀባሪውም ራሱ በሽተኛ ነው። ታፈረ በመንደሩ ፊደል ከቆጠሩት ጥቂቶች አንዱ ስለነበረ፣ በባለ መስመር ደብተር ላይ የእያንዳንዱን ሟች ስም ከነአባቱ፣ ከየትኛው ዛፍ ተነሥቶ በየት አቅጣጫ ስንት እርምጃ ሲራመዱ እንደሚገኝ ይጽፍ ነበር። ከዋርካው፣ ከሾላው፣ ከትልቁ ኩይሳ። እስከ መስከረም ስድሳ አራት ሰው ሆነ። ከስድሳ አራቱ አንዱ የራሱ ልጅ፣ የሦስት ዓመቱ ይገረም ነበር። የሺሀረግ ያኔ ወባ ጥሏቸው ሰው አይለዩም ነበር። ልጃቸው መቀበሩን የሰሙት በዘጠነኛው ቀን ነው። የተቀበረበትን ቦታ ባላቸውን በጠየቁት ቁጥር «ይቆይ» ይላቸዋል። ከዚያ ጫካው ተመንጥሮ እርሻ ሆነ፣ ዛፎቹ ተቆረጡ፣ ኩይሳው ፈረሰ፣ እሳቸውም መጠየቁን ተዉት። ሕሊና የተወለደችው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ እንግዲህ አይወልዱም ተብሎ ተስፋ ከተቆረጠ ወዲያ ነው።

ደብተሩን ምስጥ በላው። በዚያ አገር ምስጥ የማይበላው ብረትና ሐሜት ብቻ ነው ይባላል። ሰው ከቀዬው የተፈናቀለበት ያ ክፉ ዓመት መጥቶ ቤተሰቡ ቻግኒ ስምንት ወር ተቀምጦ ሲመለስ፣ ሣጥኑ እንደተቆለፈ ነበር፤ ሲከፍቱት ከደብተሩ የቀረው ሁለቱ ልባስና በመካከላቸው የሞላው ቀይ አፈር ነው። ታፈረ አልጮኸም። ልባሶቹን አራግፎ መስኮት ላይ አስቀመጣቸውና «ገና እኔ አለሁ» አለ። ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋል።

በዓመቱ ሕሊና ከመጀመሪያ ደመወዞቿ ስልክ ገዝታ ሰጠችው። ድምፅ መቅዳት አስተማረችው። ቴሌግራም ውስጥ ለራስ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ሴቭድ ሜሴጅ የሚባለውን፣ አሳየችው። ታፈረ ከሰዓት በኋላ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ስልኩን እንደ ጽዋ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ድሮው መቃብር ይሄዳል። ዛፉ የነበረበትን ጉቶ ይፈልጋል። ከዚያ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ስም ይጠራል። ለአንድ ሟች አንድ ድምፅ። ሦስት ወር ፈጀበት።

«ለኔም ላክልኝ፣ አባዬ» ብላው ነበር። «በሁለት ቦታ ይሁን። ለክፉም ለደጉም።»

«ሙት ለልጅ አይላክም» አለ።

«ድምፅ እኮ ነው።»

«ድምፅም ቢሆን። እኔ ኸሞትኩ በኋላ ውሰጂው። በእጄ አልክልሽም።»

ሕሊና አልተከራከረችም። የኮምፒውተር ትምህርት የጨረሰች፣ በክልሉ ቢሮ የመረጃ ደኅንነት የምትሠራ፣ ለሰው ሁሉ «አንድ ቅጂ ማለት ምንም ቅጂ የለም ማለት ነው» እያለች የምትናገር ልጅ፣ አባቷን መጫን ግን አልቻለችም። አንድ ፋሲካ ቤት ስትመጣ እሱ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ስልኩን ከፍታ ድምፆቹን በፍላሽ ገለበጠች። አላዳመጠቻቸውም፤ መስረቅ መሰላት። አሶሳ ተመልሳ ከወራት በኋላ ፍላሹን ስትሰካው «ፎርማት ካልተደረገ አይከፈትም» አላት። በሌላ ኮምፒውተርም ሞከረች፣ በሌላም። ፍላሹ ሞቶ ነበር። በሚቀጥለው በዓል እደግመዋለሁ አለች። በሚቀጥለው በዓል የቢሮ ሥራ ያዛት። የታፈረ አካውንት ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ልታደርግበትም ፈልጋ «እረሳዋለሁ፣ ልጄ፣ ቆልፈሽ ታስቀሪኛለሽ» ስላላት ተወችው።

ታፈረ ባለፈው ዓመት ሚያዝያ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ታሞ ሞተ። ስልኩ በክረምቱ ጣሪያው ሲያፈስ ውሃ ገብቶት ተበላሸ። ሠሪው ቦርዱ ሄዷል አለ። ሕሊና ያኔም አልደነገጠችም። ድምፆቹ ያሉት ቴሌግራም ዘንድ እንጂ ስልኩ ውስጥ እንዳልሆነ፣ ቁጥሩ እስካለ ድረስ እንደማይጠፉ ታውቃለች። ሲም ካርዱን ግን ማንም አልሞላውም፣ ማንም አልደወለበትም። ዝም ያለ ቁጥር ጊዜው ሲደርስ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥም ታውቅ ነበር። ማወቅ ሌላ፣ የሞተ ሰው ስልክ ላይ ካርድ መሙላት ሌላ ነው። ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ ተወችው።

ከሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች።

«የታፈረ ልጅ» አለ ዐወድ ወዲያው። «አላህ ይርሐመው። ለሚስቴ ነገርኩ፣ አዘነ።»

«ቴሌግራም ሲከፍቱ የአባቴ ፎቶ አልወጣም?»

«ወጣ እንጂ። ባርኔጣ ያለው ሽማግሌ። ደነገጥኩ። ስልኩ አንተ እሱ ነህ ይለኛል። ሰው ይጽፋል፣ ‹ጋሽ ታፈረ እንዴት ሰነበቱ›። እኔም ‹ደህና፣ ማንጎ ገብቷል› እላለሁ። ምን ልበል?»

ሕሊና ፈገግ አለች። «ድምፆችስ አሉ? ለራሱ ያስቀመጣቸው?»

«ድምፅ ብዙ። ከላይ እስከ ታች ድምፅ ብቻ።»

ዓይኗን ጨፈነች። «አልነኳቸውም?»

«አልነካሁም። የሰው አማና ነው።»

አማና ማለት አደራ ነው፤ አሶሳ ለኖረ ሰው መተርጎም አያሻውም። ያን ቃል ስትሰማ ልቧ ሞቀና ቸኮለች። ስለ መቃብሩ፣ ስለ ቦዩ፣ ስለ ደብተሩ ተናገረች፤ በሕይወቷ ለማታውቀው ሰው ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም። ከዚያ «አሁን እኔ እዚህ ስከፍተው አምስት ቁጥር ይመጣልዎታል» አለች። «እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»



«ኮድ?» አለ ዐወድ።

«አዎ፣ ኮዱን።»

«ጠዋት ማንጎ አልፈለክም። አሁን ኮድ ፈለክ።»

ሕሊና ያኔ የራሷን ቃል ሰማችው። የስልክ ሌቦች የሚሉትን ነው ያለችው። «እውነትዎን ነው» አለች። «ልክ ነዎት። አይንገሩኝ። እርስዎ ራስዎ ድምፆቹን ወደኔ ይላኩልኝ እንጂ።»

«እኔ መላክ አላውቅም። ነዕማን ልጠይቅ፣ ሚስቴን። እሷ ስልጠና ወስዷል።»

«ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ፊት ለፊት እንነጋገራለን። እስከዚያ ግን እባክዎ አይንኩት።»

«ና» አለ ዐወድ፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። «ከመናኸሪያው ወረድ ብለህ ትልቁ የማንጎ ዛፍ ሥር ነኝ።»

ማታውን ልትደውልለት ስልኩን አነሣች። ሰውየውን አስጨነቅኩት፣ ይበልጥ ሌባ እመስላለሁ ብላ አስቀመጠችው።

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በተነሣው ሚኒባስ ሄደች። መታወቂያዋን፣ የአባቷን መታወቂያ፣ የቀብሩን ፎቶግራፍና ባዶ አዲስ ፍላሽ ይዛለች። ከከተማው እንደወጡ ኔትወርክ ጠፋ። ከጎኗ የተቀመጡ ሴት በኦሮምኛ ከሹፌሩ ጋር ሲቀልዱ እየሰማች፣ ድምፆቹን በምን ቅደም ተከተል እንደምትሰይማቸው ታስብ ነበር። መጀመሪያ የይገረምን ታገኛለች። እሱን ለእናቷ ብቻ ትልካለች። ሌላውን ለመንደሩ።

ዐወድ ከማንጎው ዛፍ ሥር ሣጥን ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያያት ተነሣ። ከኋላው በቆርቆሮ የተሠራች ሱቅ አለች። ከሱቋ አንዲት ወጣት ሴት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች፣ ሕሊናን አየቻትና ፊቷ በራ።

«አንቺ ነሽ?» አለች ነዕማ። «መምህሯ! ዐወድ፣ መምህሯ እኮ ናት። በጥር ያስተማረችን!»

ሕሊና አስታወሰች። በጥር ወር፣ ባምባሲ፣ ለሴት ነጋዴዎች የሁለት ቀን ስልጠና። ሰው ፊት መቆም ስለሚያስፈራት አንገቷን ደፍታ ከወረቀት ነበር ያነበበችው። ያ ወረቀት አሁን ሱቋ ግድግዳ ላይ፣ ከሚዛኑ በላይ፣ በፕላስተር ተለጥፏል። በእርሳስ ያረመችው ሦስተኛው መስመር እንኳ ይታያል።

«ሌባ ደወለብን፣ እህቴ» አለች ነዕማ፣ ወንበር እያቀረበች። «ትናንት። ልክ አንቺ እንዳልሽው። መጀመሪያ ሌላ ነገር ይጠይቃሉ፣ ኋላ ኮድ ይላሉ፣ አንዱ ሆስፒታል ነኝ ይላል፣ አንዱ አባቴ ሞተ ይላል፣ ቢያለቅሱም አትስጡ አላልሽም? ይቺም አባቴ ሞተ አለች። ይሄ የዋህ ሊሰጣት ነበር።»

«አልሰጠሁም» አለ ዐወድ። ሕሊናን እያየ ነበር። እሱ ድምፅዋን አውቆታል።

«እኔ ነኝ ያስጣልኩህ። ዛሬ ጠዋት ሱቅ ሳልከፍት ወረቀቱን እያየሁ ሠራሁት። ‹የማታውቁት ሰው አካውንት በስልካችሁ ከተከፈተ ሙሉ በሙሉ ሰርዙትና በስማችሁ አዲስ ክፈቱ› ይላል። ሰረዝኩት። ‹እርግጠኛ ነህ?› አለኝ፣ አዎ አልኩት። አሁን በዐወድ ስም ነው፣ ፎቶውም የሱ ነው። እንዳልሽው አደረግን።»

ሕሊና ወንበሩን ይዛ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ስልኳን አውጥታ ከፈተች። አባዬ የሚለው ስም የለም። በቦታው «የተሰረዘ አካውንት» ይላል፣ ፎቶው የነበረበት ክብ ባዶ ነው።

«ነዕማ» አለ ዐወድ በዝግታ። ከዚያ በበርታ ቋንቋ አንድ አጭር ነገር ተናገረ።

የነዕማ እጅ አፏ ላይ ወጣ። ሕሊናን አየች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየች፣ እንደገና ሕሊናን አየች። «አንቺ ነበርሽ?» አለች። «አንቺ ራስሽ ነበርሽ የደወልሽው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን መምህሯ ነኝ አላልሽም? ስምሽን ብትነግሪው እኔ አውቅሽ ነበር።»

 ስልጠናውን የሰጠሁ ነኝ ማለት ለሕሊና አልመጣላትም ነበር። ቢመጣላትም ራሷን ከፍ ያደረገች መስሎ ይሰማት ነበር።

«መመለስ ይቻላል?» አለች ነዕማ።

«አይቻልም።»

«ወረቀቱ ላይ እንደዚያ አይልም።»

«አይልም» አለች ሕሊና። «መጻፍ ነበረብኝ።» ቀጥላም «ጥሩ ነው ያደረግሽው» አለች። «እውነቴን ነው። የደወለው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ያድናችሁ ነበር።»

ነዕማ ነጠላ ሻርፗን ፊቷ ላይ ስባ ወደ ሱቋ ውስጥ ገባች። ከውስጥ ስትናፈጥ ይሰማል። ዐወድ ሣጥኑን ስቦ ከሕሊና ትይዩ ተቀመጠ። እጆቹን አጣምሮ መሬት መሬቱን ያያል።

«ዋሸሁህ» አለ። «አልነካሁም አልኩ፣ ግን አንዱን ነክቻለሁ። ሲከፈት፣ በስህተት። ከታች ያለውን፣ የመጨረሻውን።»

ሕሊና ቀና አለች። አባቷ በምን ቅደም ተከተል እንደቀዳ ታውቃለች። የራሱን ልጅ ወደ መጨረሻ ነበር ያቆየው፤ እናቷ ነግረዋታል፣ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሄድ ቀርቶ ነበር።

«ምን አለ?» አለች።

«ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት። እግሩ ቅጠል ሲረግጥ ይሰማል። እስከ ሃያ ሁለት ቆጠረ። ከዚያ ቆመ።»

«ስም አልጠራም?»

«አልጠራም። አለቀሰ። ሽማግሌ ሲያለቅስ መስማት ነውር ነው፣ ዘጋሁት።»

«መጀመሪያ ላይስ? ከመቁጠሩ በፊት ከየት እንደተነሣ ይናገራል። ከዋርካው ወይም ከሾላው ይላል።»

ዐወድ ረጅም ጊዜ አሰበ። የሚችለውን ሁሉ እየሞከረ እንደነበር ፊቱ ላይ ይታያል። «መጀመሪያ ላይ እዚህ መንገዱ ላይ መኪና አለፈ» አለ። «አልሰማሁም፣ እህቴ። ሃያ ሁለት ብቻ ሰማሁ።»

ስትነሣ ማንጎ በፌስታል ሞልቶ ሰጣት። አልወስድም አላለችም። ለቅሶ የመጣ ሰው የያዘውን አይመልሱበትም፤ እሱም በሱ መንገድ ለቅሶ መጥቶ ነበር።

ከመናኸሪያው አጥር ጥግ ቆማ ለእናቷ ደወለች። ልትደብቃቸው አልፈለገችም፤ ቢዘገይ ይብሳል። ነገሩን በአጭሩ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። የሺሀረግ ጣልቃ አልገቡም። ስትጨርስ «የልጄ ነው?» ብለው ጠየቁ። «ያ የመጨረሻው።»

«የሱ ይመስለኛል።»

«ሃያ ሁለት ነው ያለው?»

«ሃያ ሁለት።»

«ኸየት ጀምሮ?»

«አይታወቅም፣ እማዬ።»

 በስልኩ ውስጥ የጎረቤት ዶሮ ይጮኻል። «አባትሽ ረጅም ነበር» አሉ የሺሀረግ። «እርምጃው ሰፊ ነው። የሱ ሃያ ሁለት ለኔ ሠላሳ ይሆናል።»

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ።»

«አንቺ አንድ ቀን አላዳመጥሽውም? በእጅሽ በነበረ ጊዜ?»

«አላዳመጥኩትም።»

«እኔም» አሉ የሺሀረግ። «ነይ ስሚ ሲለኝ እጄ ሊጥ ነው አልኩት።»

ሕሊና ከቢሮ ፈቃድ ወስዳ ሁለት ቀን ተጉዛ ፓዌ ደረሰች። ግንቦት ሃያ ስምንት ቀን ቁፋሮው ተጀመረ። ዘመድ በምልክት የሚያውቃቸው አሥራ ዘጠኝ አፅሞች በየስማቸው ተነሡ። የሺሀረግ ከዋርካው ጉቶ፣ ከሾላው ጉቶ፣ ኩይሳው ነበረበት ከተባለው ቦታ እየተነሡ ሠላሳ ሠላሳ እርምጃ በአራቱም አቅጣጫ ተራመዱ፤ ሕሊና ከኋላቸው እየተከተለች ጮክ ብላ ቆጠረችላቸው። ቦዩ ሲቆፈር የወጡት የቀሩት አርባ አምስት ሰዎች፣ ይገረምም ከነሱ ጋር፣ ማን ማን እንደሆነ ሳይለይ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ፤ ድንጋዩ ላይ ስም አልተጻፈም።